በሩማ ክፍት ነው

አንድ ሰው ነበረ።

ትልቅ መኪና ነበረው።

ምን አስቸኮለሽ፣ ትርሲት? ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። እንዲያውም ልድገመውና በትክክል መስማቴን እዪ። እኔ ሳስተምርበት የኖርኩት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነሽ ከተሾምሽ ገና ዓመት አልሞላሽም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተነሥተሽ «በሬ ለሁላችሁም ክፍት ነው» አልሽ። ከልብሽ ነበር። ጡረታ ብወጣም ወሬው ይደርሰኛል፤ ከልቧ ነው ብለዋል። ግን ማንም አልመጣም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያቺ ጎበዝ የሒሳብ መምህርት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወሯን ከሰው አፍ ሰማሽ። አንድ ቀን እንኳ ገብታ እንዲህ ሆንኩ አላለችሽም። ሌሎችም ሊሄዱ እያሰቡ ነው ይባላል። መምህራኑ በየተራ ካለቁ ትምህርት ቤቱ ባዶውን መቅረቱ ነው። ዛሬ ከገበያ ስትመለሺ እዚህ መንገድ ዳር አግዳሚዬ ላይ አጠገቤ ተቀመጥሽ፣ ዘንቢልሽን እግርሽ ሥር አደረግሽ፣ «ጋሼ፣ በሬን ከፍቼ ለምንድን ነው የማይገቡት?» አልሽኝ።

እኔ ደግሞ ስለ መኪና እነግርሻለሁ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ስለ ሰው ነው የጠየቅኩዎት።»

ስለ ሰው ነው የምነግርሽ። ሰውየው መኪናው ውስጥ ነው ያለው።

*

መኪናው አሮጌ ነበር። ለተራራና ለጭቃ ተብለው ከተሠሩት ነው፤ ሰፊ፣ ረጅም፣ ጎማው የሕፃን ደረት የሚደርስ። ሰውየው መንገድ ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን በረሃ ለበረሃ አብሮት ዞሯል። ሥራው ሲያልቅ መኪናው በጨረታ ወጣ፣ እሱም ገዛው። ቀለሙ በፀሐይ ሳስቷል። ወንበሩ እንደገና ተለብዷል። ሲነሣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ሰውየው በዚህ አያፍርም፤ ድምፁን ይወደዋል።

ከተማ ውስጥ ሲነዳው የታክሲዎቹን ጣሪያ ከላይ ያያል። መብራት ላይ ሲቆም ከጎኑ ያለው ሾፌር አንገቱን ቀና አድርጎ ነው ሰላም የሚለው። ከፍታ ደስ ይላል። እውነቱን እንነጋገር፣ ደስ ይላል።

ግን ኩሩ ሰው አልነበረም። ይሄን ያዢልኝ። ደግ ነበር። ሠርግ ሲኖር ሚዜዎች ያመላልሳል፤ ለቅሶ ሲኖር የእድሩን ድንኳን ይጭናል። ምጥ የያዛት ሴት ያለችበት ቤት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። ትልቅ ሰው ሲሳፈር ደግሞ ሁልጊዜ ጋቢና ነው የሚያስቀምጠው፤ ከሾፌሩ ጎን፣ ከፍ ባለው ወንበር፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ። ለእሱ አክብሮት ማለት ይሄ ነበር። የሚያከብረውን ሰው ከፍ ማድረግ።

ቆይ፣ ይሄ ታክሲ ይለፍ። ወያላው ሲጮህ ድምፄ አይሰማሽም።

አለፈ።

*

እናቱ አብረውት ይኖሩ ነበር። በግቢው ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጎን ባለችው ክፍል። ጸሎተኛ ናቸው፤ ተረበኛም ናቸው። ሁለቱ አይጋጭባቸውም። የማርያም ማኅበር አላቸው። በየወሩ ሴቶቹ በተራ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ጸሎት ይደርሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። የታመመ ይነሣል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የልጅ ልጅ ፎቶ በስልክ ከእጅ እጅ ይዞራል። የማኅበሩ ግማሽ ይሄ ወሬ ነው። እኚህ እናት ለጋ ሙሽራ ሆነው ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ ቀርተው አያውቁም።

ከዚያ ጉልበታቸውን ታመሙ።

ልጃቸው ወዲያው ተነሣ። «እማዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል? መኪና አለልሽ አይደል እንዴ?» አለ። በሚቀጥለው ማርያም ራሱ አደረሳቸው። ጋቢና አስቀምጦ። እናቱ ከላይ ሆነው ሰፈሩን አዩ፣ ሰፈሩም እሳቸውን አየ። ማኅበሩ ቤት በር ላይ ሲደርስ በደስታ ጡሩምባ ነፋ።

በወሩ እናቱ ደከመኝ አሉ።

በወሩ ደግሞ እንግዳ ይመጣብኛል።

ከዚያ በኋላ ምክንያት ማቅረቡም ቀረ። በማርያም ዕለት ጧት ሰውየው መኪናውን አስነሥቶ፣ የጋቢናውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ከግቢው መሀል ይጣራል።

«እማዬ! በሩ ክፍት ነው! እንሂድ!»

ከክፍላቸው ውስጥ መልስ ይመጣል። «ሂድ የኔ ልጅ፣ ተባረክ። እኔ ቤቴ ይሻለኛል።»

ትንሽ ይጠብቃል። በሩን ይዘጋል። ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

ሰው ሲጠይቀው «እናቴ ቤቷን ወዳለች» ይላል። እያለ እያለ ለራሱም እውነት ሆነለት። ደግሞ ቅር አይለው፣ በየወሩ ይጠራል እኮ! አንድ ጊዜ ብቻ ምናልባት መውጣቱ ከብዷቸው ይሆን ብሎ አሰበና መኪናውን ጋራዥ ወስዶ ከበሩ ሥር የሚያብለጨልጭ የብረት መርገጫ አስበየደላቸው። እናቱ ወጥተው አዩት። በእጃቸው ዳበሱት። «ያማረ ነው፤ እጅህ ይባረክ» አሉት። ተመልሰው ገቡ።

መርገጫው ራሱ ጉልበታቸው ላይ ይደርስ ነበር። ሰውየው ቁመቱን የለካው በራሱ እግር ነው።

*

አሁን ስለ ዳቦው።

በማኅበሩ ሥርዓት የቀረች ሴት ድርሻዋ አይቀርም። ከተቆረሰው ዳቦ ይነሣላትና በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቤቷ ይላክላታል። ስትቀበለው ታውቃለች። ከኛ ነሽ ማለት ነው፤ ቦታሽ አለ ማለት ነው። የእኚህ እናት ድርሻም በየወሩ ይመጣ ነበር፤ ጎረቤት ያሉ ማኅበርተኛ ያመጡላቸዋል። እናቱ ይሳለሙና ቆርሰው ለቤቱ ያድላሉ።

አንድ ማርያም ሳይመጣ ቀረ።

እናቱ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከአጥሩ ላይ እስክትወርድ ጠበቁ። ምናልባት ረስተው ይሆናል አሉ። በማግስቱ ጎረቤታቸውን ሲያገኙ ሴትዮዋ መሬት መሬት እያዩ ነገሯቸው። ማኅበርተኛው አዝኗል። ልጇ ያን የሚያህል መኪና ይዞ ቆሞላት የማትመጣው ንቃን ነው ያሉ አሉ። ተቀይማናለች ያሉም አሉ። በቦታዋ ሌላ ሴት ትግባ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ፣ እስከሚቀጥለው ማርያም እንታገሥ ተብሎ ነው የታለፈው።

ያንን መኪና ያዩታል። በሩ ሲከፈትላቸውም ሰምተዋል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እንግዲህ የማይመጡት ስላልፈለጉ ነው። ማንም ሌላ ነገር አላሰበም።

እናቱ ለልጃቸው አልነገሩትም። ለምራታቸው ብቻ «በሚቀጥለው ማርያም ካልሄድኩ ማኅበሬ ቀረ» አሏት።  ምራታቸውም ካሉ ይሄዳሉ ብላ አሰበች። መኪናው አለ። ልጃቸው አለ።

*

ምራትየዋ ስለዚያ መኪና የራሷ ሐሳብ ነበራት። «ከሁላችንም በላይ የሚበላው እሱ ነው» ትላለች። መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል። ነዳጅ ሰልፍ ላይ የቀዳውን ወደሚቀጥለው ሰልፍ ሲሄድ ይጨርሰዋል። ወንድሟ ደግሞ በሥራው ምክንያት ወደ ክፍለ ሀገር ሊዛወር ነበር፤ መንገዱ ክረምት ከበጋ ጭቃና ድንጋይ ወደሆነበት። የእሱ መኪና ስቴሽን ዋገን ናት። አዲስ ማለት ይቻላል። ዝቅ ያለች፣ ድምፅ የሌላት፣ ከኋላ ረዘም ብላ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያላት።

«እንለዋወጥ» አለው የሚስቱ ወንድም። «ይቺ እዚያ አገር አትዘልቅም። አንተ ደግሞ ከተማ ውስጥ በዚህ ተራራ ምን ታደርጋለህ? ጥቂት ቀን ያዛትና እያት። በማርያም ዕለት መጥቼ መልስህን እሰማለሁ።» መኪናዋን ግቢው ውስጥ ትቶለት ሄደ።

ሰውየው ማወዳደር ጀመረ።

አሮጌው ቦይ ይሻገራል፤ አዲሷ ቦይ ስታይ ትቆማለች። አሮጌው ሲነሣ ይታወቃል፤ አዲሷ ተነሥታ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ማዳመጥ አለበት። የዕቃ ቦታዋ ጥሩ ነው፣ አይካድም፤ ሚስቱ የገዛችውን ሁሉ ውጣ ዝም ብላለች። ፍሬኗ ጥሩ ነው። ነዳጅ፣ ስለ እሱ አናውራ፣ አሮጌው ያፍራል። ከፍታ። እዚህ ላይ ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። በአዲሷ ውስጥ ሆኖ የሚያየው የአውቶቡስ ጎማና የሰው ቀበቶ ነው።

ሱቁ ደጃፍ የሚቀመጡት ጓደኞቹም አልማሩትም።

«ምነው፣ ወረድክ እንዴ?»

«አልወረድኩም። እየሞከርኳት ነው።»

«ኧረ ጭንቅላትህን ብቻ ነው ያየነው! በመሬት ውስጥ መጓዝ ተጀመረ ወይ ብለን…»

«ተውት እናንተ። ቁም ሣጥን አጋድሞ ጎማ ገጥሞበት ነው።»

እሱም አብሯቸው ሳቀ። ውስጡን ግን ከነከነው። አልጋው ላይ ተጋድሞ እንደገና አወዳደረ። ጧትም አወዳደረ። በመጨረሻ ወሰነ፦ ትመለስ።

ልብ በዪ። ሁሉንም ነገር አወዳድሯል። ግን ያወዳደረው ሁልጊዜ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ ነው።

*

ማርያም ደረሰች። ጧት ነው። የሚስቱ ወንድም ሊመጣ ነው። ሰውየው ሁለቱን መኪናዎች ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን አቁሞ ዕቃውን ከአዲሷ ወደ አሮጌው ያዛውራል። ክሪክ። ገመድ። ጃንጥላ። የሚስቱ ሹራብ። የሁለቱም በሮች ተከፍተዋል። የአሮጌው ሞተር ተነሥቶ ግቢውን እያንቀጠቀጠ ነው። እጁ ላይ ገመድ እንደያዘ፣ እንደ ልማዱ ተጣራ።

«እማዬ! በሩ ክፍት ነው!»

መልሱን ጆሮው አስቀድሞ ያውቀዋል። አልመጣም።

እናቱ ብቅ አሉ። ነጭ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው። ምራታቸው ከኋላ። ቀስ እያሉ ወደ ትልቁ መኪና መጡና ከተከፈተው በር ሥር ቆሙ። ቀና ብለው ወንበሩን አዩት። ጎንበስ ብለው መርገጫውን አዩት። ልጃቸው ገመዱን ጥሎ ሊያነሣቸው እጁን ዘርግቶ መጣ። እናቱ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

ከዚያ ዞር አሉ።

ከጎን የቆመችው ዝቅ ያለች መኪና በሯ ተከፍቷል። ወደ እሷ ሄዱ። ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጡና፣ በክፍላቸው መደብ ላይ እንደሚቀመጡት፣ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ ተቀመጡ። ከዚያ አንዱን እግር አስገቡ። ሌላውን በእጃቸው ደግፈው አስገቡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙ።

ማንም አልነካቸውም።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉት። «ረፈደ እኮ።»

*

ሰውየው አሮጌውን አጥፍቶ በአዲሷ ነዳቸው። ከሰፈሩ ኮብልስቶን ወጡ። እናቱ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። በዚህ መኪና ከፍታ መንገድ ዳር ተቀምጠው ቲማቲምና ሎሚ የሚቸረችሩት ሴቶች ፊት ለፊት ነው የሚታዩት። እናቱ አንዳንዶቹን ያውቋቸዋል፤ እጃቸውን እያነሡ ሰላም ይላሉ።

«እማዬ።»

«ወይ።»

«ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?»

«ምን ብዬ?»

«መውጣት አቃተኝ ብለሽ ነዋ።»

«ያኔ ያደረስከኝ ቀን ትዝ ይልሃል?» አሉት። «አንተ መሪህን ይዘህ ጡሩምባ ትነፋለህ። ሁለት ጎረምሳ ጠራህልኝ። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ብብቴን ይዘው አወረዱኝ። ቀሚሴን በሩ ያዘውና እዚህ ድረስ ተገለበ። ቄሱ ቆመዋል። ማኅበርተኛው ሁሉ ቆሟል። እንደ ጤፍ ጆንያ ነው የወረድኩት። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለኔ እንኳ…»

«ለአንተማ እንዴት ብዬ? ፊትህ እንደ ሙሽራ በርቷል! ላቤን ጠብ አድርጌ በገዛሁት መኪና እናቴን ከሰው በላይ አስቀመጥኳት ብለህ ደስ ብሎሃል። ከፍ ከፍ ያደረገኝን ልጄን፣ አውርደኝ ልበለው?» ሳቅ አፈናቸው። «ደግሞ መርገጫ አሠራህልኝ። እሱን ለመርገጥ እኮ ሌላ መርገጫ ያስፈልገኛል!»

ሰውየውም ሳቀ። ሲስቅ ሲስቅ ቆየና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ሙቀት አልነበረም።

*

ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መኪናዋን አላወቋትም፤ ጎንበስ እያሉ ተመለከቱ። በሩ ተከፈተ። ምርኩዝ ወጣ። አንድ እግር። ሌላ እግር። ከዚያ እናቱ ራሳቸው ምርኩዙን ተደግፈው ተነሡ።

«በስመ አብ! አለሽ እንዴ አንቺ?»

«የት እሄዳለሁ? አለሁ።»

«ተቀይማናለች ብለን እኮ ቦታሽን ልንሰጠው ነበር!»

«እኔ መች ተቀየምኩ። የተቀየመቻችሁ ጉልበቴ ናት።»

«ታዲያ እሷንም ይዘሽልን አትመጪም?» አሉ አንዷ ወፍራም ሴት፣ ራሳቸውም ግድግዳ ይዘው የቆሙ። «የኛ ጉልበት ምን ጤና አለው ብለሽ ነው!»

ተሳሳሙ። ግማሾቹ አለቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ያለቀሱት እየተሳቀባቸው ገቡ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። እናቱ ድርሻቸውን በገዛ እጃቸው ተቀበሉ። ለቀረች ሴት ዳቦ የሚጠቀለልበት ነጭ ጨርቅ በዚያ ቀን እንደታጠፈ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ሰውየው ሊወስዳቸው ሲመጣ እኚያ ወፍራም ሴት መኪናዋን ዞረው አዩዋት። አንድ ጊዜ ልሞክራት አሉ። ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጭ አሉ። ሌላዋም ተከተሉ። እኚያን ጎረቤታቸውን ጨምሮ መኪናዋ ሞላች። ለካ ጉልበት የሚያማቸው ሴቶች በማኅበሩ ውስጥ ሞልተዋል፤ በየተራ ደከመኝና እንግዳ መጣብኝ የሚሉት እነሱ ኖረዋል።

ሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ ጓደኞቹ ነጭ በነጭ የለበሱ አሮጊቶች የሞሉባትን መኪና አዩ።

«ዛሬማ የምር ወረድክ!» አለው አንዱ።

«ወረድኩ» አለ ሰውየው። አልቆመም።

ቤት ሲደርስ የሚስቱ ወንድም በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሰውየው የአሮጌውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። «ይሄው። ሲነሣ ድምፁ እንዳያስደነግጥህ፤ ደህና ነው ማለት ነው» አለው። አሮጌው አሁን የሚገባው ቦታ ነው። ጭቃ ውስጥ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ከፍታው እዚያ ለሰው ይጠቅማል። አዲሷም እንከን የለሽ እንዳይመስልሽ። የግቢው መግቢያ ላይ ሆዷ ድንጋይ እየነካ ስታስቸግረው ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተቀምጦ መግቢያውን ደለደለላት። እናቱ ወንበራቸው ላይ ሆነው «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል» እያሉ አሠሩት።

ተረቱ ይሄው ነው።

*

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መኪና የለኝም።»

አለሽ እንጂ ትርሲት። አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ቢሮሽ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው አለ። ደረጃው ሲያልቅ ጸሐፊዋ አለች፤ ደግ ልጅ ናት፣ ግን «ምን ጉዳይ ነበር?» ማለት ሥራዋ ነው። ገና ጉዳዩን ራሱ በቅጡ ያልለየው ሰው እዚያ ላይ ይመለሳል። ያለፈ ሰው ያን ሰፊ ጠረጴዛ ያገኛል። አንቺ ከወዲያ፣ ባለ ጎማው ወንበር ላይ። እሱ ከወዲህ፣ ጉልበቱን ገጥሞ። ከኋላው በሩ ክፍት ነው፣ እንዳልሽው፤ ኮሪደር ላይ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። እንግዲህ እዚያ ተቀምጦ ቤቴ ሰላም የለም፣ ክፍል ማስተማር አቃተኝ፣ ደመወዜ አልበቃ አለኝ ይበል? እንደ ጆንያ መውረድ ማለት ይሄ አይደለም?

የአስተያየት ሣጥንም አሠርተሻል። አይቼዋለሁ። ያማረ ነው። መርገጫው እሱ ነው፤ በራስሽ እግር ለክተሽ ያስበየድሽው።

አንቺ በየስብሰባው በሬ ክፍት ነው ትያለሽ። እነሱ ችግር የለም፣ ሁሉ ሰላም ነው ይሉሻል። ቤቴ ይሻለኛል እያሉሽ ነው። ንቀውሽ አይደለም። ተቀይመውሽም አይደለም። ደግ መሆንሽን ስላዩ ነው የጨነቃቸው። ክፉ አለቃ ቢሆን ከፍ አልክብን ይሉት ነበር፤ ቢያንስ በሐሜት። ለደግ ሰው ግን ይሄን በምን አፍ ይናገሩታል? ይሉኝታ ይይዛቸዋል። እና ቀስ ብለው ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጋሉ። የሒሳቧ መምህርት ምን እንደገጠማት አላውቅም። ስትሄድ ጉልበቷ ያማት እንደነበር ግን እገምታለሁ።

በሩማ ክፍት ነው። ማንም አልካደም። ጉልበቱን የታመመ ሰው ይገባበት እንደሆነ ግን ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆነሽ አታውቂውም።

«እና ምን ላድርግ?»

የመምህራኑ ሻይ ቤት ጀርባ ያ አግዳሚ እንጨት አሁንም አለ አይደል? ግንቡ ጥግ ያለው? ሰኞ በእረፍት ሰዓት እዚያ ሂጂ። ልጠይቃችሁ አትበዪ። ደብተር አትያዢ። ሻይሽን ይዘሽ ጀርባሽን ለግንቡ ስጪና መጀመሪያ ተቀመጪ። ሰኞ ማንም ምንም አይልሽም፤ ትንሽ ተጠጋግተው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ማክሰኞም እንደዚያው። አንድ ቀን አንዷ ስኳሩን እያማሰለች፣ አንቺን ሳታይ፣ አንድ ነገር ትላለች። ያኔ ሞተር አታስነሺ፤ ስሚያት።

ሳቅሽ? ሳቂ። ፊትሽ ከመጣሽበት ጊዜ ይሻላል።

ቆይ፣ ዘንቢልሽን አታንሺ። አንድ ነገር ቀርቶኛል። ይሄን ጥያቄ በልብሽ ይዘሽ ስትዞሪ ከርመሻል። ተቆጣጣሪዎች መጥተዋል፣ ኃላፊዎች ቢሮሽ ገብተው ወጥተዋል፣ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ተብሏል። ለአንዳቸውም አልጠየቅሽም። ለእኔ ነው የጠየቅሽው። ዐዋቂ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ። ደክሞሽ ነበር። አግዳሚዬ መንገድ ዳር ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፤ ጀርባሽን ሰጥተሽ ቁጭ አልሽ፣ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ራሱ ወጣ።

እዪው እስቲ የተቀመጥሽበትን። በር እንኳ የለውም።